ዴኒስ ሪቺ እና የሄደር ፋይል ሙግት

ሞትም እኩል አይዘገብም። ኦክቶበር 5 ቀን 2011 የአፕል ኩባንያው ስቲቭ ጆብስ ሲሞት ወሬው በሰዓታት ውስጥ ዓለምን አዳረሰ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ኦክቶበር 12 ቀን (በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 1 ቀን 2004 ዓ.ም.) ዴኒስ ሪቺ የተባለ የ70 ዓመት ሰው አሜሪካ ኒው ጀርሲ ውስጥ ብቻውን በሚኖርበት ቤት ሞቶ ተገኘ። የሱን ሞት መጀመሪያ ያሰማው የዜና ማሰራጫ ሳይሆን የቀድሞ የሥራ ባልደረባው ነበር። ታላላቅ ጋዜጦች የዘገቡት ቆየት ብለው ነው። ነገር ግን ስቲቭ ጆብስን ያስመሰገኑት አይፎንና ማክ ኮምፒውተር ውስጣቸው ሲከፈት የሚገኘው የሪቺና የጓደኞቹ ሥራ ነው። የዜና መመዘኛዎችን ስንማር ታዋቂነትና ተጽዕኖ ለየብቻ የተቀመጡት ለምን እንደሆነ ከዚህ የተሻለ ማሳያ የሚገኝ አይመስለኝም።

ውድ የዚህ ቡሌቲን አንባቢያን፣ ይህ ጽሑፍ የዚህን ዝምተኛ ሰው ሕይወት በአጭሩ ይተርካል። (ዓመቶቹ ሌላ ካልተባለ በስተቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የሰውየው ሕይወት ደግሞ ከአንድ ረጅም ጠብ ጋር የተያያዘ ነው። ጠቡ ፕሮግራሞች ከኮምፒውተሩ አስኳል ጋር የሚነጋገሩባቸው ስሞችና ቁጥሮች የማን ናቸው? ማንስ እንደ ልቡ ሊጠቀምባቸው ይችላል? የሚል ነው። ጉዳዩ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች ብቻ ሊመስል ይችላል፤ ግን አይደለም። ለምን እንዳልሆነ ወደ መጨረሻው እንደርስበታለን።

ልጅነቱና ትምህርቱ

ዴኒስ ሪቺ ሴፕቴምበር 9 ቀን 1941 ኒው ዮርክ ግዛት ብሮንክስቪል በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ አሊስቴር ሪቺ በቤል ላብስ የሚሠሩ ተመራማሪ ነበሩ፤ ስለ ስልክ ማዞሪያ ሰርኪዩቶች ከሌሎች ጋር ሆነው መጽሐፍ ጽፈዋል። ቤል ላብስ ማለት የአሜሪካው የስልክ ኩባንያ የኤቲ ኤንድ ቲ የምርምር ተቋም ሲሆን ትራንዚስተር የተፈለሰፈው እዚያ ነው። ልጁ ያደገው ሰሚት በተባለች የኒው ጀርሲ ከተማ፣ ለአባቱ መሥሪያ ቤት ቅርብ በሆነ ሰፈር ነው። ስለዚህ ወደ አባቱ መንገድ መግባቱ ብዙ አያስገርምም።

በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ አጥንቶ በ1963 ተመረቀ። ከዚያም እዚያው ለሦስተኛ ዲግሪ ስለ ፕሮግራሞች አወቃቀርና ውስብስብነት ምርምር ሠራ። የመመረቂያ ጽሑፉን በ1968 ጨረሰ። ዲግሪውን ግን አልወሰደም! ጽሑፉ ተጠርዞ ለዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት መግባት ነበረበት፤ እሱ አላስገባውም። የጓደኞቹ ትዝታ እንደሚለው ለጥረዛው የሚጠየቀውን ገንዘብ ለመክፈል ፈቃደኛ አልሆነም። የጽሑፉ ቅጂ ለሕዝብ የወጣው ከሞተ ከዓመታት በኋላ በ2020 ነው። እኛ አገር ለአንድ ወረቀት ስንት ቢሮ የተመላለሰ ተማሪ ይህን ሲሰማ ምን እንደሚል እንጃ። ሪቺ ግን ሥራው ካለቀ ወረቀቱ ብዙም የሚያስጨንቀው ሰው አልነበረም። ይህ ጠባዩ በኋላ በመጡት ሙግቶችም ውስጥ ይታያል።

ዩኒክስ እና ሲ

ሪቺ ቤል ላብስ የገባው በ1967 ነው። በዚያን ጊዜ ቤል ላብስ፣ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም (ኤምአይቲ) እና ጀነራል ኤሌክትሪክ መልቲክስ የሚባል ግዙፍ ኦፐሬቲንግ ሲስተም በጋራ ይሠሩ ነበር። ኦፐሬቲንግ ሲስተም ማለት ማሽኑንና ፕሮግራሞቹን የሚያስተዳድረው ዋና ሶፍትዌር ነው። መልቲክስ እየተንዛዛ፣ ወጪውም እየበዛ ሲሄድ ቤል ላብስ በ1969 ከሥራው ወጣ። የተወሰኑ ወጣት ተመራማሪዎች ሥራ እንደፈቱ ዓይነት ሆኑ። ከእነሱ አንዱ ኬን ቶምፕሰን በዚያው ዓመት ፒዲፒ-7 በምትባል አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ቁጭ ብሎ የትንሽ ኦፐሬቲንግ ሲስተም መሠረት ጣለ። ሪቺ አብሮት ሠራ። ዩኒክስ የተወለደው እንዲህ ነው።

ችግሩ መጀመሪያ ላይ ዩኒክስ የተጻፈው በአንድ ማሽን ቋንቋ ብቻ መሆኑ ነበር። ማሽኑ ሲቀየር ሁሉም ነገር እንደገና ሊጻፍ ነው ማለት ነው። ሪቺ የቶምፕሰንን ቢ የተባለ ቋንቋ አሻሽሎ በ1972 ገደማ አዲስ ቋንቋ ሠራ፤ ስሙንም ሲ አለው። በ1973 የዩኒክስ አስኳል፣ ባለሙያዎች ከርነል የሚሉት፣ በሲ እንደገና ተጻፈ። በ1978 ከብራያን ከርኒጋን ጋር ስለ ሲ የጻፉት መጽሐፍ ታተመ። 228 ገጽ ብቻ ነው፤ ነገር ግን የዓለም ፕሮግራመሮች ሁሉ የተማሩበት መጽሐፍ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ዛሬ ፕሮግራም የሚማር ሰው መጀመሪያ ለዓለም ሰላምታ የሚሰጥ ትንሽ ፕሮግራም የሚጽፈው ልማዱ ከዚያ መጽሐፍ ስለተስፋፋ ነው።

ሄደር ፋይል ምን ማለት ነው?

አሁን ወደ ጠቡ ከመግባታችን በፊት የተጣሉበትን ነገር እንወቅ። አንድ ፕሮግራም ፋይል መክፈት ሲፈልግ ራሱ አይከፍትም፤ ከርነሉን ይጠይቃል። ከርነሉ ካልቻለ በቁጥር ይመልሳል። ቁጥር 2 ከመለሰ ፋይሉ የለም ማለት ነው። 13 ከሆነ ፈቃድ የለህም፤ 28 ከሆነ ደግሞ ቦታ ሞልቷል። ጠያቂውና መላሹ በእነዚህ ቁጥሮች ካልተስማሙ መደማመጥ የለም። እንግዲህ የቁጥሮቹን፣ የስሞቹንና የቅጾቹን ዝርዝር የያዘች አጭር ፋይል አለች። ፕሮግራመሩ ይህችን ፋይል ከሥራው ራስ ላይ እንድትገባ ያዛል። ራስ ላይ ስለምትገባ ሄደር ፋይል ተባለች። ይህ ፋይል የማስገባት ዘዴ ሲ ቋንቋ ውስጥ የመጣው በ1972 እና በ1973 መካከል ሲሆን ሪቺ ዘዴውን የጨመረው በከፊል አለን ስናይደር የተባለ ባልደረባው ስለገፋፋው ነው።

ልብ በሉ፤ ሄደር ፋይል ሥራውን አይሠራም። ሥራውን የሚሠራው ኮድ ሌላ ቦታ ነው ያለው። ሄደሩ የያዘው ውሉን ነው።

ይህን ለመረዳት ጎንደሬ ብዙ አይቸገርም። የዜማ ምልክቶችን እናውቃለን። ሊቃውንቱ እንደሚያስተምሩት በ16ኛው ክፍለ ዘመን በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል በድጓው ቃላት ላይ የሚቀመጡትን ምልክቶች አደራጁ። ምልክቱ ራሱ ዜማ አይደለም፤ ዜማው ያለው በመሪጌታው ጉሮሮ ነው። ግን ከስሜን የመጣ ደቀ መዝሙርና ከጎጃም የመጣ ደቀ መዝሙር ተያይተው ሳያውቁ በአንድ ቤተ ክርስቲያን አብረው ቢቆሙ በምልክቱ ይገናኛሉ። አንድ ሰው ተነስቶ ምልክቶቹ የእኔ ናቸው፣ ያለ እኔ ፈቃድ አትዘምሩ ቢል ምን ይፈጠር ነበር? የሄደር ፋይል ሙግት በአጭሩ ይኸው ነው።

ሌላም ዓይነት ጠብ አለ፤ ይሄኛው ከዩኒክስ ልጅነት ጀምሮ ነበረ። በቀድሞው ዩኒክስ ማሽኑ ላይ እየሠሩ ያሉትን ፕሮግራሞች ዘርዝሮ የሚያሳይ ትንሽ ፕሮግራም ነበር። ይህ ፕሮግራም የከርነሉን የውስጥ ሄደር ፋይሎች ወስዶ በነሱ እየተመራ የከርነሉን ማህደረ ትውስታ በቀጥታ ያነብ ነበር። የሰው ጓዳ ገብቶ ድስት እንደመክፈት ማለት ነው። ከርነሉ ውስጥ አንዲት ነገር ቦታዋ ሲቀየር ፕሮግራሙ የማይሆን ነገር ማሳየት ይጀምራል፤ እንደገና መጠናቀር አለበት። ስለዚህ ጥያቄው ሁለት ነው። አንደኛው የሕግ ነው፤ ስሞቹ የማን ናቸው? ሁለተኛው የአሠራር ነው፤ የውጭ ፕሮግራም ከከርነሉ ሄደር ምን ያህሉን ነው ማየት ያለበት? ሁለቱም የሪቺን ሕይወት ተከትለዋል።

መርማሪው ሪቺ

ኤቲ ኤንድ ቲ በ1956 ከአሜሪካ መንግሥት ጋር ባደረገው የፍርድ ስምምነት መሠረት ከስልክ ሥራ ውጪ ንግድ እንዳይገባ ተከልክሎ ነበር። ስለዚህ ዩኒክስን እንደ ሸቀጥ መሸጥ አልቻለም፤ ለዩኒቨርሲቲዎች በትንሽ ክፍያ ከነምንጭ ኮዱ ይሰጣቸው ነበር። አውስትራሊያ የሚገኘው የኒው ሳውዝ ዌልስ ዩኒቨርሲቲ መምህር ጆን ላየንስ በ1970ዎቹ አጋማሽ የዩኒክስን ኮድ ከነማብራሪያው ለተማሪዎቹ በመጽሐፍ አዘጋጀ። ኩባንያው ቀጣዩን የዩኒክስ እትም ሲያወጣ ግን ኮዱን ለማስተማሪያ መጠቀም ከለከለ። ያኔ ተማሪዎች መጽሐፉን በፎቶ ኮፒ እያባዙ በድብቅ ይቀባበሉት ጀመር። በይፋ የታተመው ከ20 ዓመት ገደማ በኋላ በ1996 ነው። በፎቶ ኮፒ ሃንድአውት ለተማርን ሰዎች ይህ ታሪክ ሩቅ አይደለም።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ ገደማ ደግሞ ቺካጎ የሚገኝ ማርክ ዊሊያምስ የተባለ ትንሽ ኩባንያ ኮሂረንት የሚባል ኦፐሬቲንግ ሲስተም ይዞ ብቅ አለ። ኮሂረንት በሁሉ ነገሩ ዩኒክስን ይመስል ነበር። ያው ትእዛዝ፣ ያው ስም፣ ያው አጠራር። ኤቲ ኤንድ ቲ ኮዳችንን ሰርቀዋል ብሎ ጠረጠረ። እንዲያጣራ የላከው ማንን መሰላችሁ? ዴኒስ ሪቺን።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ሰውየው የኩባንያው ተቀጣሪ ነው። ደመወዙ ከዚያ ነው። ሥራው ደግሞ የገዛ እጁ ሥራ ነው። ተሰርቋል ብሎ ቢመለስ የሚከራከረው ሰው የለም፤ ትንሿ ኩባንያም የኤቲ ኤንድ ቲን ጠበቆች መቋቋም አትችልም ነበር። ሪቺ ሄደ፣ ተቀመጠ፣ ሲስተሙን እያሠራ ፈተሸ። ምን እንደሚፈልግም ያውቃል። የዩኒክስ ኮድ ውስጥ የራሱ የሆኑ እንግዳ ነገሮች ነበሩ፤ የቀዳ ሰው ሳያውቀው አብሮ የሚቀዳቸው ዓይነት። አላገኛቸውም። ራሱ ከዓመታት በኋላ በጽሑፍ እንደገለጸው ሰዎቹ ዩኒክስን በደንብ አጥንተውታል ብሎ ያምን ነበር፤ ኮዱን ግን ቀድተዋል የሚያሰኝ ነገር አላየም። ኤቲ ኤንድ ቲም ነገሩን ተወው።

ለእኔ የሪቺ ሕይወት ትልቁ ቀን ይህ ነው። ማጥናት ሌላ፣ መቅዳት ሌላ መሆኑን የለየው በአንደበቱ ሳይሆን በምርመራው ውጤት ነው። በአንድ ስም መጠራትና በአንድ ቁጥር መመለስ ስርቆት አይደለም፤ ስርቆት የሚባለው የሰው ሥራ ሲወሰድ ነው። ይህን ፍርድ የሰጠው ደግሞ በጠቡ በቀጥታ ሊጠቀም ከሚችለው ወገን የመጣ ሰው ነበር።

ካሊፎርኒያ ለፍርድ ስትቀርብ

ኤቲ ኤንድ ቲ በ1984 ሲበታተን የድሮው ክልከላ ተነሳለትና ዩኒክስን መሸጥ ጀመረ። ነገሩ መልኩን የቀየረው ያኔ ነው። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ያሉ ተማሪዎችና ተመራማሪዎች ለዓመታት ዩኒክስን ሲያሻሽሉ ቆይተው የኤቲ ኤንድ ቲን ኮድ በራሳቸው እየተኩ በ1991 ማንም ሊወስደው የሚችል እትም አወጡ። አንድ ኩባንያም ይህን ይዞ ገበያ ወጣ። በ1992 የኤቲ ኤንድ ቲ ቅርንጫፍ የሆነው የዩኒክስ ሲስተም ላቦራቶሪስ ከሰሰ፤ ዩኒቨርሲቲውንም ጨመረበት። ከተከራከሩባቸው ነገሮች መካከል ሄደር ፋይሎች ይገኙበት ነበር። በ1993 የኒው ጀርሲው ፌዴራል ፍርድ ቤት ሥርጭቱን ለጊዜው እንዲያግድ የቀረበለትን ጥያቄ አልተቀበለም። በ1994 መጀመሪያ ተስማሙ። ከ18,000 ያህል ፋይሎች ውስጥ እንዲወጡ የተወሰነው ሦስት ብቻ ነበሩ፤ 70 ያህል ደግሞ የባለቤትነት ማስታወሻ እንዲጻፍባቸው ተደረገ።

በእነዚህ ዓመታት ሪቺ ምን ይሠራ ነበር? ምርምሩ ላይ ነበር። ከቶምፕሰን ጋር በ1983 የኮምፒውተር ሳይንስ ትልቁን ሽልማት፣ የቱሪንግ ሽልማትን ወስዷል። ሲ ቋንቋ በ1989 የአሜሪካ ብሔራዊ ደረጃ ሲወጣለት 15 ሄደር ፋይሎች በስማቸው ተዘርዝረው የደረጃው አካል ሆኑ፤ ከእንግዲህ ማንም ሊጠቀምባቸው የሚችል የጋራ ነገር ሆኑ ማለት ነው። ሪቺ ዝምተኛ ቢሆንም ደካማ ግን አልነበረም። የደረጃው ኮሚቴ አንድ አዲስ ቃል ወደ ቋንቋው ሊጨምር ሲል ቋንቋውን ያበላሻል ብሎ በ1988 ጠንከር አድርጎ ተቃወመ፤ ቃሉም ቀረ። በስሙ የተመዘገበ ታዋቂ ፓተንትም ነበረው፤ አንድ ፕሮግራም በባለቤቱ ፈቃድ እንዲሠራ የሚያደርግ ዘዴ ነው፤ በ1979 ጸደቀለት። ፓተንቱ በኋላ ለሕዝብ ተለቀቀ።

የከርነሉን ጓዳ ስለማየት የተነሳው ሁለተኛው ጥያቄም እዚያው ቤል ላብስ ውስጥ መልስ ተገኘለት። ሪቺ ከሚመራው ክፍል በ1992 የወጣው ፕላን 9 የተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም እየሠሩ ስላሉ ፕሮግራሞች ያለውን መረጃ ተራ ጽሑፍ በያዙ ፋይሎች ያቀርበዋል። ማንም ፕሮግራም አንብቦ ይረዳል። የከርነሉን የውስጥ ሄደር መዋስ አያስፈልግም፤ እንግዳ ጓዳ መግባቱ ቀርቶ ምግቡ በመሶብ ወደ እልፍኝ ወጣለት እንደማለት ነው። ፕላን 9 በገበያ ብዙ አልሄደም። ሐሳቡ ግን ዛሬ ሊኑክስ ውስጥ አለ።

የነጻ አውጪው ክስ

ከሁሉም የሚያስገርመው ግን ቀጥሎ የመጣው ነው። የዩኒክስ ንብረት ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቆይቶ ካልዴራ ወደሚባል ኩባንያ ደረሰ። ካልዴራ በጃንዋሪ 2002 ሪቺና ቶምፕሰን የሠሯቸውን የቀድሞ የዩኒክስ እትሞች ኮድ በነጻ ፈቃድ ለቀቀ። ጨዋ ሥራ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ግን ኩባንያው ስሙን ለውጦ ኤስሲኦ ግሩፕ ሆነና በማርች 2003 አይቢኤምን ከሰሰ፤ የዩኒክስ ንብረት ወደ ሊኑክስ ገብቷል አለ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ለብዙ የአሜሪካ ትላልቅ ኩባንያዎች ደብዳቤ ጻፈ። በደብዳቤው የተዘረዘሩት 65 ያህል ፋይሎች በአብዛኛው ሄደር ፋይሎች ነበሩ። የስህተት ቁጥሮቹ፣ እነ 2፣ እነ 13፣ እነ 28 ያሉባት ፋይል ሳትቀር!

የሊኑክስ መሥራች ሊነስ ቶርቫልድስ የድሮ ፋይሎቹን አገላብጦ ከተዘረዘሩት ውስጥ አንዳንዶቹን በእጁ እንደጻፋቸው አስረዳ። ማስረጃውም ራሱ የሠራቸው ስህተቶች ጭምር ነበሩ፤ የቀዳ ሰው እንደዚያ አይሳሳትም። ሪቺ ቺካጎ ላይ የተጠቀመበት ዘዴ ግልባጭ መሆኑን አያችሁ? ከዓመታት ሙግት በኋላ በ2010 አንድ ዳኞች ጉባኤ የዩኒክስ የቅጂ መብት የኤስሲኦ ሳይሆን የኖቬል ኩባንያ ነው አለ። ከአይቢኤም ጋር ያለው ክርክር በስምምነት የተዘጋው በ2021 ነው። 18 ዓመት! በዚህ መሃል ኤስሲኦ ለኪሳራ በቅቷል፤ ሊኑክስ ግን ዓለምን ሞልቷል።

ባለሙያዎቹም አልተስማሙም

ጠቡ የጠበቆች ብቻ ነበር ብንል ውሸት ይሆናል። የሊኑክስ ሰዎችም እርስ በርሳቸው ሲከራከሩ ኖረዋል። በ1990ዎቹ ብዙ የሊኑክስ ሥርጭቶች ፕሮግራሞች የከርነሉን ሄደሮች ከምንጭ ኮዱ ውስጥ በቀጥታ እንዲወስዱ ያደርጉ ነበር። ምክንያት ነበራቸው፤ አዲስ ዕቃ ሲመጣ፣ አዲስ ችሎታ ሲጨመር መጀመሪያ የሚታየው እዚያ ነው። ቶርቫልድስ በ2000 ይህ አሠራር ስህተት ነው አለ። ምክንያቱም ፕሮግራሙና የሚመካበት የሲ ቤተ መጻሕፍት የተጠናቀሩት በአንድ ዓይነት ሄደር መሆን አለበት። ባለቤቱ ከርነል ሲቀይር ሄደሩ አብሮ ከተቀየረ ውሉ ሳይነገር ፈረሰ ማለት ነው።

ሌላው ወገን ደግሞ የሚለው ነበረው። የቤተ መጻሕፍቱ ሄደር እስኪታደስ ስንት ጊዜ ልንጠብቅ ነው? ይላል። ብዙ ፕሮግራመሮች የሚፈልጉትን ሄደር ቀድተው በራሳቸው ሥራ ውስጥ ማስቀመጥ ያዙ። ያ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፤ የተቀዳው ያረጃል፣ የሚያድሰው የለም። እውነቱን ለመናገር ሁለቱም ወገን ትክክል ነበር። በ2006 ከርነሉ ለውጭ ተጠቃሚ የሚሆኑትን ሄደሮች አጣርቶ የሚያወጣ መሣሪያ ተጨመረለት። በ2012 ደግሞ ለውጭ የሚሆኑት ከውስጦቹ ተለይተው የራሳቸው ማህደር ተሰጣቸው። ጓዳና እልፍኝ በግድግዳ ተለየ ማለት ነው። ይህን ሁሉ ያደረገው ፍርድ ቤት ሳይሆን የባለሙያዎች ክርክር ነው።

የሕጉ ጥያቄ ግን አንድ ጊዜ ደግሞ ብቅ አለ። በማርች 2011 ጎግል አንድሮይድን ሲሠራ የሊኑክስን ሄደሮች ወስዶ ማብራሪያዎቹን በማሽን ገፍፎ ተጠቅሟል፤ የሊኑክስ ፈቃድ ደግሞ የወሰደ ሰው የራሱንም እንዲከፍት ያስገድዳል፤ ስለዚህ ጎግል ፈቃዱን ጥሷል የሚል ክስ በጽሑፍ ተነሳ። ቶርቫልድስ መሠረት የለውም ብሎ አጣጣለው። ሊኑክስ ከጥንት ጀምሮ ፕሮግራሞች ከርነሉን በተለመደው መንገድ ስለጠየቁ ብቻ በከርነሉ ፈቃድ አይታሰሩም የሚል ማስታወሻ ነበረው። በ2017 ይህ ማስታወሻ በየሄደር ፋይሉ ላይ በአጭሩ እንዲጻፍ ተደረገ። ውሉ ላይ ውል ተጻፈበት።

ለእኛ ምናችን ነው?

መጀመሪያ ላይ ነገሩ የኮምፒውተር ሳይንስ ብቻ አይደለም ብዬ ነበር። አንድሮይድ ስልክ ሁሉ ውስጡ የሊኑክስ ከርነል ነው። ጎንደር ፒያሳ የሚሸጠውም፣ ደባርቅ ወይም ዳባት ገበያ የወጣ ገበሬ ኪሱ ውስጥ የያዘውም ያው ነው። ስልኩ ማህደሩ ሞልቷል ብሎ ፎቶ አላነሳም ሲል ከታች ያለው ያ 28 ቁጥር ነው። ቁጥሩ ባለቤት ቢኖረው ኖሮ አንድ ሰው እያንዳንዱን ስልክ ሊያስቀርጥ ይችል ነበር። የዋጋው ነገር የት ይደርስ እንደነበር ገምቱ።

የእኛም ሕግ ስለዚህ የሚለው አለው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን እንደ ሥራ ይጠብቀዋል። ሐሳብን፣ አሠራርን፣ ዘዴን፣ ለጠቅላላ አገልግሎት የሚውሉ የቁጥር ሠንጠረዦችንና እንዲያው መረጃን ግን አይጠብቅም። ሄደር ፋይል ከሁለቱ የትኛው ጋ ይወድቃል? ቁጥሮችና ስሞች ብቻ ከሆነ ወደ ሁለተኛው ያዘነብላል። ውስጡ ረዘም ያለ ኮድ ከተጻፈበት ግን ወደ መጀመሪያው ይሄዳል። ሁለቱንም የሚይዝ ሄደር ስላለ ነው ነገሩ ሁልጊዜ የሚያከራክረው። ነገ አንድ የኢትዮጵያ ሶፍትዌር ኩባንያ ሌላውን ቢከስ ዳኛው የሚገጥመው ጥያቄ ይኸው ነው። በነገራችን ላይ በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኦራክልና ጎግል በጃቫ ቋንቋ ስሞች ያደረጉት ተመሳሳይ ክርክር ያለቀው በኤፕሪል 2021 ለጎግል በመፍረድ ነው፤ እሱም ስሞቹ ባለቤት የላቸውም ተብሎ ሳይሆን አጠቃቀሙ ተገቢ ነው ተብሎ።

እኛ ጋዜጠኝነት የምንማር ሰዎች ይህን ልዩነት በየቀኑ እንኖርበታለን። ትናንት ከተማው ውስጥ የተፈጸመው ድርጊት የማንም አይደለም፤ ማንም ሊዘግበው ይችላል። ሌላው ጋዜጠኛ የጻፈውን አንቀጽ አንስቶ በስሜ ማውጣት ግን ስርቆት ነው። ሪቺ ቺካጎ ላይ የፈለገው አንቀጹን ነው እንጂ ድርጊቱን አልነበረም። ይህን የማይለይ ጋዜጠኛ ወይ ሌባ ይሆናል፣ ወይ ደግሞ ሌላው ሰው ስለነካው ብቻ ዜናውን የሚፈራ ይሆናል።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

ሪቺ አላገባም፣ ልጅም አልነበረውም። በ1999 የአሜሪካ ብሔራዊ የቴክኖሎጂ ሜዳልያን ከፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን እጅ ከቶምፕሰን ጋር ተቀበለ። አባቱ በሠሩበት ተቋም 40 ዓመት ሠርቶ በ2007 ጡረታ ወጣ። በ2011 የጃፓን ሽልማት ለሱና ለቶምፕሰን ተሰጠ። ሽልማቱን የተቀበለው ግን ቶኪዮ ሄዶ አይደለም፤ እዚያው ኒው ጀርሲ ቤል ላብስ ድረስ አመጡለት። በመጨረሻዎቹ ዓመታት በሕመም ላይ ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ አረፈ።

ዩኒክስ የሱ ንብረት አልነበረም፤ መብቱ የኩባንያው ነበር። ስለዚህ ለዓለም በነጻ ሰጠ ብዬ አላወድሰውም፤ ያልያዘውን ሊሰጥ አይችልም። የማደንቀው ሌላ ነገሩን ነው። መጽሐፉን የጻፈው ማንም አንብቦ ቋንቋውን ራሱ እንዲሠራው አድርጎ ነው። ሲላክ የሄደው ሊወነጅል ሳይሆን ሊያይ ነው። ያላየውንም አየሁ አላለም። ብዙዎች እሱ የጻፋቸውን ስሞች የኔ ናቸው እያሉ ፍርድ ቤት ሲመላለሱ እሱ አንድም ቀን ከከሳሾቹ መካከል አልተቆጠረም።

ሞቱን ያላስተዋልነው ታዋቂነት ተጽዕኖን ስለጋረደብን ነው። ነገ እኛ ዜና ክፍል ስንገባ የሟቾች ዝርዝር ይደርሰናል። ስሙን ሰምቼው አላውቅም ብለን ከመጣላችን በፊት ይህ ሰው የሠራውን ስንት ሰው ይጠቀምበታል? ብለን እንጠይቅ። ቸር እንሰንብት።